ቢስሚላህ የተባለባቸው ሰባት ዶሮዎች

አብዱልወሀብ ኮምቦልቻ ዳርቻ ባለው የእንስሳት ምርመራ ጣቢያ ዶሮ ተንከባካቢ ሆኖ ሲቀጠር የሚያውቀው ሥራ መስሎት ነበር። የቢስቲማ ገበሬ ልጅ ነውና ማብላትም ኩስ መጥረግም አልከበደውም። የከበደው ጤነኛ ዶሮ ሆን ብሎ ማሳመም ነበር።

ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ነው። የሰባ ሰባቱ ድርቅ የእህቱን የመዲናን ባልና በሬዎች ወስዷል። ከዚያ ወዲህ በስንት መከራ ያራባቻቸው አሥራ አራት ዶሮዎች ብቻ ነበሯት፤ ጨውና ጋዟ የሚመጣው ከእንቁላላቸው ነው። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ደግሞ ክረምት ሊገባ ሲል መንደሩን ሳይጎበኝ አይቀርም፤ አንዴ ከገባ ቆጡን ባዶ ያስቀራል። ስለዚህ አብዱልወሀብ በመጋቢት ቢስቲማ ሄዶ፣ "አብሽሪ እታለም፣ ዘንድሮ ክትባቱን ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ" ብሏት ተመለሰ።

ክትባቱ በጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ ግን ሳይፈተን አይታደልም። ወጣቱ ሐኪም ዶክተር ቀለሙ ሃያ ዶሮ አስመጣ። አሥሩን ከተበ፣ አሥሩን ተወ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የፈንግሉን ቫይረስ በሃያዎቹም ዓይን አንጠባጠበ።

"እያንዳንዷ የሞተችበትን ሰዓት ይጻፉልኝ፣ ጋሽ አብዱልወሀብ። ሌላ ምንም እንዳይነኩ" አለና ለውይይት ክበብ ስብሰባ ደሴ ወጣ። ለምን መንካት እንደሌለበት ግን አልነገረውም።

በአራተኛው ቀን ያልተከተቡት መውደቅ ጀመሩ። ሦስቱ ሞቱ፤ አብዱልወሀብ በመሠረተ ትምህርት በተማራት ፊደል ሰዓታቸውን ጻፈ። የቀሩት ሰባቱ አንገታቸው ተጠማዞ፣ አፋቸውን ከፍተው ያጣጥሩ ነበር።

"ምነው ጓድ አብዱ፣ ለዶሮም ለቅሶ ተቀመጥክ?" አለችው የግቢው ጽዳት ሠራተኛ አባይነሽ። "ጻፍና ወደ ቤትህ ሂዳ!"

"ነፍሳቸው ሳይወጣ ምን ልጻፍ?"

"እንግዲያ ቶሎ በሉ በላቸው!"

እሱ ግን አልሳቀም። በእነሱ ቤት፣ በእጅ ያለ እንስሳ ሲያጣጥር እያዩ ዝም አይባልም። ቢስሚላህ ሳይባልበት ከሞተ በክት ነው፤ ለባለቤቱም ነውር። አባቱ ለዚሁ ብሎ ቢላዋ ከወገቡ አይለይም ነበር። የእነዚህ ሥጋ እንደማይበላ አብዱልወሀብ ያውቃል። ቢሆንም አላስቻለውም። ሰባቱንም ወደ ቂብላ እያዞረ አረዳቸው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ኖራ አልብሶ ቀበራቸው። ደብተሩም ላይ ሰባት ጊዜ "ታረደች" ብሎ ጻፈ፤ ሰዓቱን እንኳ አልሳተም።

ዶክተር ቀለሙ ደብተሩን ሲያነብ አንቱታው ጠፋበት።

"ምን አደረግክ አንተ ሰው?"

"ወላሂ ሊሞቱ ነበር ዶክተር! እኔ ፈንግል አላውቅም እንዴ?"

"አንተ ታውቃለህ፤ ወረቀቱ አያውቅም። ያልተከተቡት በበሽታው ካልሞቱ፣ የተከተቡትን ያተረፋቸው ክትባቱ ይሁን የቫይረሱ መድከም በምን ይለያል? እንደገና መጀመር ነው።"

"መቼ ያልቃል?"

"ሌላ ሃያ ዶሮ እስኪገኝ... ሐምሌ።"

አብዱልወሀብ አሥሩን የተከተቡ ዶሮዎች አየ። ቆመው ይለቅማሉ።

"እንግዲያው ለእህቴ ብቻ ትንሽ ይስጡኝ። አሥራ አራት ናቸው።"

"ያልተፈተነ ክትባት ከዚህ ግቢ ካወጣሁ የምታሰረው እኔ ነኝ" አለ ሐኪሙ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም።

በሁለተኛው ሙከራ አብዱልወሀብ ቢላዋውን ቤቱ ትቶ መጣ። አሥሩም ያልተከተቡ እያጣጣሩ ሲሞቱ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ አየ። አሥር ጊዜ "ሞተች" ብሎ ጻፈ። የተከተቡት አንድም አልታመሙም። ክትባቱ ደግ ነበር።

ሐምሌ ላይ ክትባቱን በረዶ በሞላ ፔርሙስ ይዞ ቢስቲማ ገባ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ዶሮ ሲጮህ አልሰማም። የመዲና ቆጥ አሮጌ ጆንያ ተጥሎበታል።

"ሰኔ እንደገባ ነው የመጣው" አለችው። "መንደሩን ጠረገው።"

"አሥራ አራቱንም?"

"አሥራ አራቱንም። አልሐምዱሊላህ፣ አንዷንም በክት አላደረግኳትም። አንገታቸው ሲዞር ጎረቤቴን የሱፍን እየጠራሁ ቢስሚላህ አስባልኩባቸው፤ ልክ እንደ አባባ።"

"ደግ አደረግሽ" አላት።

ፔርሙሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ውስጡ በረዶው ሲቀልጥ ይሰማዋል።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አለችው መዲና።

"ውሃ ነው፣ እታለም።"