ቀይ ዶሮ የቆመችበት የውሃ ሞተር

ሙሀሲን በሸዋ ሮቢት ከብት ተራ ሃያ ሰባት ዓመት ደልሏል። የበሬን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገልጦ ጥርሱን አንዴ ካየ ዕድሜውን ይናገራል፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘት ጉዳዩ አይደለም። ጨው አልሰው በውሃ የነፉትን ሆድ ከእውነተኛ ጥጋብ ይለያል። ገበያተኛው «ጥርስ አንባቢው» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ለአዲስ ገዢ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አንዱን ጎን ብቻ የሚያሳይህ ሻጭ በሌላኛው ጎን የሚደብቀው አለው። ዞረህ እይ።» ይህን ምክር ለሰው ሁሉ ሲሰጥ ኖሮ ለራሱ በሚያስፈልግበት ቀን አጣው። ዛሬ ነገሩ ሲነሳበት፣ «አከፋፍዬ ጨርሼው ነበር፤ ለቤት የሚሆን አላስቀረሁም» ይላል።

ነገሩ የጀመረው ከሽንኩርት ነው። ሙሀሲን ከድለላው ጎን ለጎን ሮቢ ወንዝ ዳር መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ያለማል። ሽንኩርቱ ገና ራስ መያዝ ሲጀምር የድሮው የውሃ ሞተር ተቃጠለ። የቆላው ፀሐይ ደግሞ ሞተር እስኪገዛ ቆሞ አይጠብቅም። ሱቅ ሄዶ የአዲሱን ሞተር ዋጋ ሲሰማ ባለሱቁን ደህና ዋል እንኳ ሳይል ወጣ።

በዚያው ሰሞን ስልኩ ላይ አንድ የጨረታ ግሩፕ አገኘ። የእርሻ ዕቃ እየተለጠፈ ሰው ይጫረትበታል። ከተለጠፉት አንዱ ሰማያዊ የውሃ ሞተር ነው፤ ከባሕር ዛፍ አጥር ሥር ተቀምጧል፤ ከጎኑ አንዲት ቀይ ዶሮ ቆማለች። ፎቶው አንድ ብቻ ነው፤ የተነሳውም ከአንድ ጎን። «እኔ መቼም ሳልዞር አልገዛም» ይላል ሙሀሲን አሁን ሲያወራው፤ «ስልኩን ገልብጬ ከኋላ አየሁት። ምንም ቁስል አልነበረበትም።»

ጨረታው የሚዘጋው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ሙሀሲን ከብት ተራ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ተጫረተ። እሱ ዋጋ በጨመረ ቁጥር «የገበሬው ልጅ» የሚባል ሰው ከላዩ ይጨምርበታል። ሙሀሲን ራሱ ገበያ ሲቀዘቅዝበት ጓደኛውን ታደሰን ገዢ አስመስሎ የሚያቆም ሰው ነው። ታደሰ በሬውን ይዞራል፣ ጭራውን ሳብ ያደርጋል፣ «እኔው እወስደዋለሁ» ይላል፤ እውነተኛው ገዢ ይደነግጥና ዋጋ ይጨምራል። ሃያ ዓመት የኖሩበት ተንኮል ነው። የገበሬው ልጅ የሌላ ሰው ታደሰ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ግን ሽው አላለበትም። እንዲያውም እልህ ያዘው፣ ጨመረ፣ አሸነፈ።

ወዲያው የድምፅ መልእክት ደረሰው። «ጋሼ ሙሀሲን፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ጨረታውን አሸንፈዋል። አላህ ይባርክልዎት» ይላል የተረጋጋ የወንድ ድምፅ።

ሙሀሲን የተበላው እዚህ ላይ ነው። በከብት ተራው ወግ ደላላ የሻጭንና የገዢን እጅ ያገናኛል፣ ሻጭ ይመርቃል፣ ከዚያ ወዲያ ማፍረስ የለም። የተመረቀ ከብት ገዢው ቤት ሳይደርስ ቢሞት እንኳ የገዢው ነው። ከምርቃት በኋላ ያፈረሰ ሰው በዚያ ገበያ እጁን የሚጨብጠው አያገኝም። ስለዚህ ሙሀሲን ያን ድምፅ ሲሰማ ሞተሩ የራሱ ሆነ፤ የቀረው የእሱ መክፈል ብቻ መሰለው። ብሩን በስልኩ ላከ።

ሚስቱ ሰሊማ ስትሰማ፣ «ዕቃውን አይተኸዋል?» አለችው።

«ተመርቆልኛል እኮ።»

«እኔ ስለ ምርቃቱ አልጠየቅኩህም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ሰውየው የማጓጓዣ ጠየቀው፤ ላከ። ቀጥሎ የመጫኛ ጠየቀው፤ እሱንም ላከ። ከዚያ የሰውየው ስልክ አይጠራም፤ ሙሀሲንም ከግሩፑ ተባረረ።

ውርደቱ ከብሩ ይልቅ አንገበገበው። ሦስት ቀን ሙሉ መናኸሪያ እየሄደ የሚገባውን መኪና ጀርባ ጀርባ ሲያይ ዋለ፤ ሰው ሲጠይቀው ዘመድ እየጠበቅኩ ነው ይላል። ለሰሊማ ሞተሩ ደብረ ብርሃን ላይ ተይዟል አላት። «ምን አጥፍቶ?» አለችው። ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ውሃ በጀሪካን እየቀዳ፣ በአህያ እየጫነ ሽንኩርቱን ማጠጣት ጀመረ። ግማሹ ተረፈ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ተኛ። የጎረቤት ገበሬ ቆሞ ሲጠይቀው፣ «በእጅ የጠጣ ሽንኩርት ይጣፍጣል» ብሎ መለሰለት። ጥርስ አንባቢው በዶሮ ፎቶ ተሸወደ ከሚባል የማይዋሸው ውሸት አልነበረም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በገበያው ቀን እትዬ አስካለ ከቀወት መንደር ያለቻቸውን አንዲት ጊደር እየነዱ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳቸውን ብቻቸውን የሚያርሱ ሴት ናቸው። ሙሀሲን ገዢ ፈለገላቸው፣ ዋጋው ተቆረጠ፣ የሁለቱን እጅ ያዘ። የቀረው ምርቃቱ ብቻ ነው።

«ቶሎ አገናኘን ሙሀሲን» አሉ እትዬ አስካለ፤ «ሰውየው እስከ ስድስት ሰዓት ይላኩ ብሎኛል።»

«የቱ ሰውዬ?»

በነጻው እጃቸው ስልካቸውን አውጥተው አሳዩት። ሰማያዊ ሞተር፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ቀይ ዶሮ።

«በጨረታ አሸንፌ ነው። እግዜር ይባርክልዎት ብሎ መረቀኝ፤ እንዴት ያለ የታረመ ሰው መሰለህ።»

ለእሱ በአላህ፣ ለእሳቸው በእግዜር፤ ሰውየው ደንበኛ አያያዝ ያውቅበታል። ሙሀሲን ዝም ቢል ስሙም የድለላ ድርሻውም አለ፤ ጊደሯ ግን ለዚያች ዶሮ መሄዷ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ባይሸጡስ? ዋጋው ወርዷል» አለ በደከመ ድምፅ።

«አሁን ጥሩ ዋጋ ነው ያልከኝ አንተው አይደለህ?»

ሙሀሲን ሁለቱንም እጆች ለቀቀ። በሃያ ሰባት ዓመቱ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ገዢው፣ «ምን ነካህ? እጄን ይዘህ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ተሰበሰበ።

«እትዬ፣ ለሰውየው ይንገሩት» አለ ሙሀሲን፤ «ሞተሩ ላይ አንድ ሎሚ ያስቀምጥና አሁኑኑ ፎቶ ያንሳው። ዞሮ በሌላው ጎንም ያንሳው። አስነስቶም ድምፁን ያሰማን። ያኔ ጊደሯን እሸጥልዎታለሁ።»

እትዬ አስካለ በድምፅ ላኩለት። መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ «እናቴ፣ ቃልዎን ሰጥተዋል፤ ከተመረቀ በኋላ ማፍረስ ነውር ነው።» ሎሚውን ደግመው ጠየቁት። ይህን ጊዜ መልስ የለም፤ ጥቂት ቆይቶ ግሩፑም ከስልካቸው ጠፋ።

ከሰዉ መሃል አንዱ፣ «ሞተር በፎቶ ይገዛሉ እንዴ እማማ?» ብሎ ሳቀ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «እኔ ደደብ ሴት» አሉ ለራሳቸው ያህል።

ሌላው ደግሞ፣ «ሙሀሲን ባይኖር ኖሮ! እንዴት አወቅከው ጃል?» አለ። ገበያተኛው ሊያደንቀው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጥርስ አንባቢው ፈገግ ብሎ ዝም ቢል ስሙ በእጥፍ ከፍ ይል ነበር። ሙሀሲን ግን የሚያየው ጠያቂውን ሳይሆን ያን በነጠላ የተሸፈነ ፊት ነበር። በጣም አፈረ።

«እኔ ያወቅኩት» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ዶሮዋን ስለማውቃት ነው። ከእትዬ ቀድሜ የገዛኋት እኔ ነኝ። ከነማጓጓዣዋ፣ ከነመጫኛዋ።» ስልኩን አወጣና ድምፁን ለቀቀው። «ጋሼ ሙሀሲን፣ እንኳን ደስ ያለዎት...» የሚለው ድምፅ በከብት ተራው ላይ ተሰማ። «መናኸሪያ የምጠብቀው ዘመዴ ይሄ ነው። ሽንኩርቴን በአህያ የማጠጣውም ስለሚጣፍጥ አይደለም።»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እትዬ አስካለም ከነጠላቸው ወጥተው ሳቁ። ሙሀሲንም አብሮ ሳቀ። ግን ፊት ማንበብ እንጀራው ነውና፣ እየሳቀ ያልሳቁትን አየ። አራት ነበሩ። ሦስቱ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ናቸው። አራተኛው፣ ለወትሮው ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው ታደሰ ነበር።

ታደሰ ሰዉ እስኪበተን ጠብቆ ወደ ኒሟ መጣ። ድንጋዩ ላይ ከተቀመጠው ከሙሀሲን ፊት ቆሞ መሬት መሬቱን አየ።

«ሙሀሲን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያንተም ዶሮ ቀይ ናት?»

«ቀይ ናት።»

ሙሀሲን ፈቀቅ ብሎ ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀለት።