የአባቴ አረማመድ

አባቴ ለተጠየቀው ነገር ቶሎ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። መንገድ እንኳ ቢጠይቁት መጀመሪያ ይቆማል። ዱላውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው ያዛውራል፣ የጋቢውን ጫፍ ወደ ትከሻው ይመልሳል፣ የጠያቂውን ጫማ ትክ ብሎ ያያል፤ ከዚያ "ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?" ይላል። መልሱ የሚመጣው የዘር ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ በመሬት ክርክር ከመንደራችን ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ዳኛውን እንዲሁ ጠይቆ ችሎቱን አስቆ ነበር ይባላል። ሲራመድ ደግሞ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤ በወጣትነቱ በሬ ረግጦት ነው።

ይህን አረማመድና ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አስመስዬ የተጫወትሁት እኔ ነኝ። ሌላው ቢቀር ይህቺ ትታወቅልኝ።

ማርቆስ ቤት ተከራይተን ስንማር አብሮኝ የሚኖር አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ስናጥብ አባቴን እሆንለታለሁ፣ እሱ ሳሙናው ከእጁ እስኪወድቅ ይንከተከታል። ሁለታችንም የትምህርት ቤቱ ድራማ ክበብ አባላት ነበርን። ለወላጆች ቀን በተዘጋጀው ድራማ ዋናው ባላገር እኔ ነኝ፤ የእሱ ድርሻ ዘበኛ ሆኖ ሁለት ቃል መናገር ብቻ ነበር።

በዕለቱ ጋቢዬን ለብሼ፣ ዱላዬን ይዤ በአቡጀዲው መጋረጃ ቀዳዳ አጮልቄ ባይ አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። አልጠራሁትም፤ ስንቄን ሊያደርስ መጥቶ ሰው ሲገባ አይቶ ነው የገባው። አባት ፊት ቆሞ አባትን ማስመሰል በእኛ ዘንድ ነውር ብቻ አይደለም፣ እርግማን ያመጣል። ጋቢውን አውልቄ፣ ዱላውን ጨምሬ ለጓደኛዬ ሰጠሁትና "አንተ ውጣ፣ እኔ አልችልም" አልሁት።

ለብሶ ወጣ። ግራ እግሩን ገና ከመጎተቱ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ በቀዳዳው የማየው አባቴን ነበር። በጋቢው ዓይኑን እያበሰ ይስቃል። ኋላ እንደነገሩኝ አጠገቡ ላለው ሰው "ይኸ እኮ እኔ ነኝ" ብሎ ኮርቶ ነበር። አልተቆጣም። እኔ ብወጣም አይቆጣም ነበር ማለት ነው። ይህቺን "ብወጣ ኖሮ" ሃያ ዓመት አላምጫታለሁ።

ጓደኛዬ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ አዲስ አበባ ሄደ። መጀመሪያ የመድረክ ዕቃ ያመላልስ ነበር። ከዚያ፣ ከተማ ገብቶ መንገድ የጠፋበት ባላገር ሆኖ በአንድ ቴያትር ለአምስት ደቂቃ ብቅ አለና ያን አረማመድ ተራመደ። ማስታወቂያ መጣለት፣ ፊልም መጣለት፣ በመጨረሻም በየሳምንቱ የሚታይ የቴሌቪዥን ድራማ። ባንክ ይገባል፣ ሐኪም ቤት ይገባል፣ ዱላውን ያዛውራል፣ "ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?" ይላል፤ አገር ይስቃል። የማርቆስ ባጃጆች ያቺን ጥያቄ ከኋላ መስተዋታቸው ላይ ለጠፏት። እኔ የሒሳብ መምህር ሆኜ ነበር። አንዱን ተማሪ ተነሥቶ እንዲመልስ ብጠይቀው የጫማዬን አፍንጫ ትክ ብሎ አይቶ "ለመሆኑ የማን ልጅ ነዎት?" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁን አስወጣሁት።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ቅናት ነው። የእሱ ድራማ ሲጀምር ባለቤቴና ልጆቼ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲጠጉ እኔ ያልተበላሸ በር ለመጠገን እነሣለሁ። የመምህራን ክበብ ውስጥ "እኔ ነኝ ያስተማርሁት" ብል ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ማርቆስ ውስጥ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ተከራይቼ ነበር የማይል ማን አለ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውሁት። በየበዓሉ ሲደውል ከአንገት በላይ እንኳን አደረሰህ እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ልጁ የሞተበት አባት ሆኖ የተጫወተበት ፊልም ወጣ። ከልቡ አልቅሶበት ሳለ ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ከእንግዲህ ምንም ብል ይስቃሉ" አለኝ በስልክ፣ ድምፁ ወርዶ። በዚያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።

አባቴ ዓይኑን ሊታከም እኔ ቤት በሰነበተ ጊዜ ድራማውን ጆሮውን አቅርቦ ሰማና "ይኸ ልጅ ያውቀኛል" አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ ሞክረሃት አታውቅም?" አለኝ።

"አላውቅም" አልሁት። ቅናቴን እንዳያይብኝ ፈርቼ ነው። እንደዋሸሁት ሞተ።

ጓደኛዬ የደረሰው በሣልስቱ ነው። ድንኳኑ በር ላይ ሲታይ ልቅሶው ተቋረጠ፤ አንዳንዱ አፉን በነጠላው ሸፈነ። አንገቱን ደፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በእኛ መንደር በሣልስት የሟች ጋቢና ዱላ ይወጣል። ልጅ ለብሶት በአልቃሾቹ መካከል ይዞራል፤ ሰው ሟቹን የመጨረሻ አይቶ እንዲያለቅስ ነው። አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ጋቢውንና ዱላውን ይዘው መጡና እጃቸው በእኔና በእሱ መካከል ቆመ። እጃቸው እዚያ መቆሙ ቆሽቴን አሳረረው። ጓደኛዬ ግን ጋቢውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ "የልጁ ነው" አላቸው።

ለበስሁት። ግራ እግሬን ጎተትሁ። ዱላውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርሁ፣ የጋቢውን ጫፍ ወደ ትከሻዬ መለስሁ። ሃያ ዓመት ሳልሞክራት ገላዬ አልረሳትም። እናቴ ደረቷን እየደቃች ስሙን ጠራች፤ ድንኳኑ ሁሉ ተከተላት። አባቴ ጉልበቴ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀናሁም።

ከኋላዬ አንዲት ዘመዳችን ለጎረቤቷ "አየሽ፣ ልክ እንደሱ አደረጋት። ከቴሌቪዥኑ ለምዷት ነው" ስትል ሰማሁ። እግሬ ቆመ።

ጓደኛዬም ሰምቷል። ብድግ አለና እንባው እየወረደ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ "አይደለም። እኔ ነኝ ከሱ የለመድኋት። መጀመሪያ ያደረጋት እሱ ነው" አለ።

ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው፤ የአባቴ ዘመድ ሁሉ ባለበት ተነገረ። መጀመሪያ የሽማግሌው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያቺ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። እሱ "እውነቴን ነው" ባለ ቁጥር ይብስባቸዋል። በመጨረሻ እናቴም ሳቀች።