በኦቦ ገመቹ የሳቅን ዕለት

ልጅ እያለሁ እሁድ የሚጀምረው ከቸርች መልስ፣ ቴሌቪዥናችን ላይ የተደረበው ዳንቴል ሲነሳ ነበር። የምንኖረው ቡራዩ፣ ኦቦ ገመቹ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። በግቢው ቴሌቪዥን ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለነበር፣ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሜዲው ሊጀምር ሲል አከራዮቻችን ይመጣሉ። መጀመሪያ አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው ቶሎሳ መጥቶ አንቴናውን ሊያስተካክል ጣሪያ ላይ ይወጣል። ከዚያ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ይዘው ይከተላሉ። በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ ጭቃ የያዘ ቦት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ “አከም ጅርቱ!” እያሉ ይገባሉ፤ እኔንም “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ” ብለው ራሴን ይዳብሱኛል። ያን ጊዜ ቤታችን እርጥብ ሳርና ከብት ከብት መሽተት ይጀምራል። ከአባቴ ልብስ የማይለቀው የፕላስቲክ ፋብሪካ ሽታም እዚያው አለ።

ድራማው ስለ አንድ ሀብታም ቤተሰብና ስለ ዘበኛቸው ነበር። እኛ ልጆቹ የምንሞትለት ዘበኛውን ነው። በከሰል የተሳለ ጢም አለው፣ ፊቱን ያጣምማል፣ አማርኛውን እያበላሸ “እትዬ መጣ!” ይላል፤ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የማናያቸው ሰዎች ያሽካካሉ፣ እኛም አብረን እንንከተከታለን። ኦቦ ገመቹ ግን የሚወዱት እመቤቲቱን ነው። ንፉግ ናት፤ እንግዳዋ ሻይ ውስጥ ስኳር ሲጨምር በዓይኗ ትከተለዋለች፣ አንድም ቀን ግን ፈገግ አትልም። “እሱ ጎበዝ ነው፤ እሱ ራሱ አይስቅም፣ እኛን ነው የሚያስቀን” ይላሉ። በአማርኛ ሲያወሩ ሴቱም ወንዱም “እሱ” ነበር፤ እኛም ከመልመዳችን የተነሳ አይሰማንም። ስለ ዘበኛው ሲጠየቁ “ሰው ቶሎ እንዲስቅለት ይቸኩላል” ብለው ያልፋሉ። ዛሬ ስንቱን ኮሜዲ ሳይ ከዚህ የተሻለ አስተያየት አላገኘሁለትም።

አንድ እሁድ የአባቴ አለቃ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጣ። አባቴ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለመሆኑ በዚህ ሰው እጅ ስለነበር፣ እናቴ ዶሮ ሠርታ፣ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲታጠብና ሲወለወል ነው የዋለው። ኦቦ ገመቹና ቶሎሳ እንደ ልማዳቸው መጡ። ድራማው መሀል ማስታወቂያ ሲገባ እናቴ አዴ ጫልቱ ለምን እንደቀሩ ጠየቀች።

“ጫልቱ ዛሬ ትንሽ አሞታል፤ ተኝቷል” አሉ ኦቦ ገመቹ።

አለቃው ጉልበቱን መታ። “ኧረ ዘበኛው ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ መጣ እንዴ! በሞቴ፣ አንዴ ይድገሙልኝ!”

አባቴ ሳቀ። ከወላይታ ሲመጣ በገዛ አማርኛው ስንት የተሳቀበት አባቴ፣ አለቃውን እያየ ከት ብሎ ሳቀ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ሳቅሁ፤ ሁሉም ሲስቅ ያልሳቀ ልጅ አይኖርም። ቶሎሳ ብቻ ተነስቶ ወጣ። ኦቦ ገመቹ ፈገግ ብለው ድራማውን እስከ መጨረሻው አዩ፣ “እግዜር ይስጥልኝ” አሉ፣ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ እናቴ አባቴን፣ “ሂድና አናግራቸው እንጂ” አለችው።

“እሳቸውም እኮ ስቀዋል።”

“ላንተ ብለው ነዋ። ያንተስ አማርኛ መቼ ቀና?”

“በቃ ነገ፣ ከሥራ ስመለስ” አለ አባቴ።

በማግስቱ ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከግቢያቸው ለተቃውሞ ወጡ። የተቃወሙትን “ማስተር ፕላን” የሚባል ነገር እኔ ያኔ የድራማ ርዕስ ነበር የሚመስለኝ፤ የኦቦ ገመቹን የግጦሽ መሬት ሊወስድ ይችላል የሚባለው ነገር መሆኑን የሰማሁት በዚያ ቀን ነው። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ የጎማ ጭስ ሰፈሩን ሞላው፣ ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተሰማ። ቶሎሳ ወደ ቤት አልተመለሰም። አንዱ ሆስፒታል ነው ይላል፣ ሌላው ከጓደኞቹ ጋር በመኪና ጭነው ሲወስዱት አየሁ ይላል። ኦቦ ገመቹ ሳምንቱን ሙሉ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ሲንከራተቱ ከረሙ።

በሳምንቱ እሁድ በራችን ተንኳኳ። ኦቦ ገመቹ ነበሩ። “ዜና ካለ ብዬ ነው” አሉ። አባቴ ተሯሩጦ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ኮሜዲው መጣ። ዘበኛው በርሜል ውስጥ ወድቆ ይንቦጫረቃል፣ የማይታዩት ሰዎች ያሽካካሉ። አባቴ ሊያጠፋው ዘሎ ተነሳ።

“ተወው ልጄ። እነሱ ምን ያውቃል” አሉ።

ተቀመጥን። አባቴ ወደሳቸው ዞረ። “ኦቦ ገመቹ፣ ያን ዕለት…”

“የቱን ዕለት?” ብለው ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ያን እሁድ ጨርሰው የረሱት ይመስሉ ነበር።

አባቴ ፈራ። ልጁ ለጠፋበት ሰው ስለ አንድ ሳቅ ማንሳት ነውር መሰለው። “ምንም… እግዚአብሔር ልጅዎን ይመልስልዎ” ብሎ አለፈው።

ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ሥራ አቆመ፤ አባቴ ሰበታ ሌላ ሥራ አግኝቶ ዓለም ገና ገባን። ዕቃ ስንጭን ኦቦ ገመቹ ቁም ሳጥኑን አብረው ተሸከሙልን። ቶሎሳ ከወራት በኋላ ተፈትቶ መግባቱን በሰው በሰው ሰማን። አባቴ “ሄጄ እንኳን ደስ ያለዎት እላቸዋለሁ፣ ያን ነገርም እነግራቸዋለሁ” ይል ነበር። አንዴ መንገድ ይዘጋል፣ አንዴ ሥራ ይደራረባል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ አባቴና እኔ በመጨረሻ ሄድን። በሩን የከፈተልን ቶሎሳ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆኗል። ኦቦ ገመቹ ካረፉ አንድ ክረምት አልፎ ነበር። አባቴ ለቅሶ ሳይደርስ መቅረቱ አንገበገበውና፣ ያን ለስንት ዘመን ይዞት የኖረውን ቃል እዚያው በር ላይ ለቶሎሳ ነገረው። ቶሎሳ አቀርቅሮ እስኪጨርስ ሰማው።

“ጋሼ፣” አለ ቀስ ብሎ፣ “ይሄን ለአባቴ ነበር መንገር የነበረብዎት።” ከዚያ ወንበር አወጣልን፤ አዴ ጫልቱንም ጠራቸው።

አሁን ቤታችን ትልቅ ፍላት ቴሌቪዥን አለ፣ ኮሜዲው በየሰዓቱ ነው። ተዋናዮቹም ከያኔዎቹ ሳይሻሉ አይቀሩም። ወንድሜ ስልኩን ይዞ በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን ይስቃል፤ እሁድ ስምንት ሰዓት በራችንን የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም። እኔ የሰው አማርኛ ማሳቂያ የሆነበት ቦታ ላይ ስደርስ እዘጋዋለሁ፤ ይሄም ለኦቦ ገመቹ የሚጠቅማቸው ነገር የለም። ቢሆንልኝ ያን አንድ እሁድ እንደገና እንድንኖረው ነበር የምመኘው። እንግዳው እንደፈለገ ይሳቅ፤ አባቴ ግን ዝም ይበል።