በአባባ ላይ የጮህኩ ዕለት

ከርሊንግ የሚባለውን ጨዋታ ለአገሬ ሰው ባስረዳሁ ቁጥር ይስቁብኛል። ይሳቁ። በበረዶ ወለል ላይ ከባድ ድንጋይ ይንሸራተታል፤ ሁለት ሰዎች ከፊት ከፊቱ እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈትጋሉ፤ በደንብ ከተፈተገ ድንጋዩ ርቆ ይሄዳል፤ ወለሉ ላይ ከተሳለው ክብ መሃል ይበልጥ የቀረበ ያሸንፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። አሜሪካ የመጣሁት በዲቪ ዕድል ነው፤ በዚህ ጨዋታ ሻምፒዮን የሆንኩት ግን በዕድል አይደለም።

ቡድናችን የቤተሰብ ነበር፤ ባሌ፣ የባሌ እህት፣ አባባ የምለው የባሌ አባትና እኔ። ያስጀመረችን የባሌ እህት ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ አካባቢ ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር ሞክራው መጣችና «ትራይ አድርጉት በቃ፣ ኢትስ ሶ ፈን!» ብላ ከቤልትስቪል ከተማ አልፎ ወዳለው የበረዶ አዳራሽ እየጎተተች ወሰደችን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን እዚያው ቀረ።

አባባ ያኔ ስድሳን ተሻግረዋል። አርሊንግተን ባለው ኤርፖርት ሻንጣ ሲያነሱ ስለኖሩ ክንዳቸው ከልጃቸው ክንድ ይበልጣል። እንደሳቸው የሚፈትግ ሰው በአዳራሹ አልነበረም። እኔን ካፒቴን ያደረጉኝም እሳቸው ናቸው። «የድንጋዩን መንገድ ከሁላችን ቀድማ የምታየው እሷ ናት» አሉ፤ ተከራካሪ አልተገኘም።

ችግሩ፣ የካፒቴን ሥራ መጮህ ነው። ፈታጊዎቹ አቀርቅረው ስለሚሮጡ ድንጋዩ የት እንደሚደርስ አያዩም። ካፒቴኑ ከማዶ ክቡ ጋ ቆሞ ፈትጉ፣ አቁሙ እያለ ካልጮኸ ልፋታቸው ከንቱ ነው። እኔ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ። አሌክሳንድሪያ በምሠራበት ጥርስ ሐኪም ቤት ታካሚ ስጠራ እንኳ የሚሰማኝ አጠገቤ የተቀመጠው ብቻ ነው። ባሌ ላይ መጮህ አልከበደኝም፤ እንዲያውም ለምጄዋለሁ። አባቱ ላይ ግን እንዴት አድርጌ? ሰርጌ ዕለት ጉልበታቸውን የሳምኩ ሰው! «አባባ፣ ካልደከመዎት ትንሽ ቢያግዙት…» ብዬ እስክጨርስ ድንጋዩ መንገድ ላይ ቆሟል።

ሁለት ዓመት በተከታታይ ለአዳራሹ ዓመታዊ ውድድር ፍጻሜ ደርሰን ሁለቱንም ተሸነፍን። በሁለተኛው የመጨረሻው ድንጋይ እንደሚያጥር ገና ከግማሽ መንገድ አይቼዋለሁ፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ መኪና ውስጥ ማንም ምንም አላለኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ካልሆነልኝ ካፒቴንነቱን እተዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ፤ መተው ግን አልፈልግም ነበር፤ ያን ቦታ እወደዋለሁ።

በሦስተኛው ፍጻሜ፣ አይደርስ የለም፣ እማማም ሊያዩን መጡ። እማማ የባሌ እናት ናቸው። ወፍራም ካፖርታቸውን ለብሰው ከበረዶው ዳር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምራታቸው ባላቸው ላይ ስትጮህ ሊያዩ!

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ አንድ ድንጋይ ቀረን። የባሌ እህት ልትለቀው ስትዘጋጅ አባባ በረዶውን አቋርጠው አጠገቤ መጡ።

«ልጄ፣ እዚህ በረዶ ላይ አማት የለም» አሉኝ። «ሳቀረቅር ዓይኔ አንቺ ነሽ። ዝም ካልሽ እኔ ዕውር ነኝ።»

መልሴን ሳይጠብቁ ተመለሱ። ድንጋዩ ተለቀቀ። ወዲያው አየሁት፤ ሊያጥር ነው። «አባባ፣ ካልደከመዎት…» ልል ስል ያ የመኪናው ዝምታ ትዝ አለኝና ተናደድኩ፤ በራሴ፣ በይሉኝታዬ፣ በሁሉም ነገር ተናደድኩ።

«አባባ! ይፈትጉት! ጠንከር! እንዳያቆሙ! አባባ!»

አዳራሹ አስተጋባ። አባባ መጥረጊያው ላይ በሙሉ ክብደታቸው ተደፉ፤ ባሌ ሊደርስባቸው እያለከለከ ነው። ድንጋዩ ሊቆም፣ ሊቆም ብሎ እየተሳበ የተጋጣሚዎቻችንን ድንጋይ በአንድ መዳፍ ያህል አለፈና መሃል ላይ አረፈ። የተጋጣሚዎቻችን ካፒቴን ጓንቷን አውልቃ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አሉ እማማ፣ ከወንበራቸው ተነስተው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጮህበት አንድ ቀን እንዲህ ሮጦልኝ አያውቅም!»

ያን ጊዜ ነው መሳቅም ማልቀስም የጀመርኩት። ዋንጫው ሲመጣ እንደ ወጉ ለታላቁ ተሰጠ። አባባ ተቀበሉና ወደ እኔ ዘረጉት፤ «ዋንጫ የሚያነሳ ካፒቴን ነው» አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ እያሉ!» እያልኩ እስኪመሽ እከራከር ነበር። ያን ዕለት ግን በሁለት እጄ ተቀብዬ ወደ ላይ አነሳሁትና፣ የማዘው ሰው ሳይኖር፣ ለደስታዬ ብቻ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።