ከስድስት እስከ ዘጠኝ

«ሄደች» አለችኝ እህቴ ከሞላሌ በስልክ። የሠርክ ጸሎት አድርሼ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ነበር። የምኖርባት የቆላ ከተማ በዚያ ሰዓት እንኳ ሙቀቷ አይበርድም። ማን እንደሆነች ሳልጠይቃት፣ «ያቺ የላይ ሰፈሯ ልጅ ናታ። ወደ ኮሌጇ ተመለሰች አሉ፤ ዛሬ ገበያ ሰማሁ» አለችና መስመሩ ተቆረጠ። ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ነጭ የለበሱ ምእመናን በግራ በቀኜ ያልፋሉ። እኔ ግን በሐሳቤ መንዝ ነበርኩ፣ ጉም ውስጥ።

መንዝ በወጣሁበት ክረምት ለሁለተኛ ዲግሪዬ ከየአገሩ መጥተው በአንድ የቆላ ኮሌጅ ስለሚማሩ ልጆች አጠና ነበር። ብዙ ነገር አጫውተውኛል። አንዱ በእናቱ ቋንቋ ካወራ ወራት አልፎት በሕልሙ ብቻ ይናገራል። አንዷ ሰው እያየ መታጠብ አቅቷት ገና ሳይነጋ ትነሣለች። አማካሪዬ፣ «ያቋረጡትንስ? ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ጠይቂ» አሉኝ። ካቋረጡት አንዷ የአገሬ ልጅ፣ ከሞላሌ በላይ ካለው መንደር ነበረች። ለሚመጣው ዓመት መመለስ ትችላለች ተብላለች፤ እሷ ግን እሺም እንቢም አላለችም።

ያን ክረምት ሳስበው ሁሉም ነገር ከውሃ በታች እንዳለ ሆኖ ይታየኛል። በጎቹ ሲጮኹ ይሰማል እንጂ አይታዩም። ጅብራው፣ ያ የደጋ ረጅም ተክል፣ ጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለት ጊዜ ሰው መስሎኝ እጅ ነሥቻለሁ።

የልጅቷ እናት እሳት ዳር አስቀመጡኝና መቅረጸ ድምፄን አዩት።

«ይሄ ነገር ይሰማል?»

«አዎ እማማ፣ የሚነገረውን ይይዛል።»

«እንግዲያ ይያዝ። ልጄን ሙሉ አድርጌ ሰጥቼ አጥንቷን ነው የመለሱልኝ።»

ልጅቷን ጠየቅኳት። ትምህርቱ ከብዷት ነበር?

«ኧረ ደህና ነበር፣ እትዬ።»

«ሰው አስቀየመሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ይኸው!» አሉ እናቷ። «ምንም ነው እንዲህ ያከሳት። ምንም የሚባል በሽታ ቆላ ገብቶላችኋል።»

በማግስቱ አብረን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ፊቷን አላየውም፤ ያ ሳይሆን አይቀርም አንደበቷን የፈታላት። መቅረጫውን እንድዘጋው ለመነችኝ።

የኮሌጁ ምሳ ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል ነው። እሷ ደግሞ ሁዳዴን እንደ አገሯ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አትቀምስም። ዘጠኝ ሲሆን ምግብ ቤቱ ተዘግቷል፤ እስከ እራት ውሃ ብቻ። በዚያ ሐሩር ጾሙ ሳይጋመስ ፈተና ላይ ሳለች ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ ምን በላሽ ቢላት ዝም አለች። ጾመኛ ነኝ ማለት ውዳሴ ከንቱ ነዋ። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና ለምን አልተናገርሽም አላልኳትም።

«ከአፋር የመጣች የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነበረችኝ» አለች። «እሷ ነቃችብኝ። ‹እኛ ረመዳን ስንጾም ምግባችንን በዕቃ ተቀብለን እናስቀምጣለን፤ አንቺ ግን ከእግዜር ጋር ድብብቆሽ ትጫወቻለሽ› አለችኝ። ነይ አብረን ሄደን እናስፈቅድልሽ ብትለኝ እንቢ አልኩ። ማስፈቀድ ማለት መናገር አይደለም?»

ጉሙ ውስጥ ሳቀች። እዚያ አገር ከገባሁ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

ለነፍስ አባቷ እንድትነግር መከርኳት። ሽማግሌው ቄስ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው፣ እኔንም ሂጂ ሳይሉኝ፣ አንገታቸውን አቀርቅረው ሰሟት።

«ዘጠኝ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም፣ አባቴ። ራሴ ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነማ ነፍስ አባትሽም ራስሽ ነሻ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት። «ለተማሪ ስድስት ሰዓት ይበቃል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያለውን ለኔ ተዪው፤ በራሴ ላይ ጨምሬ እጾምልሻለሁ።»

ስንመለስ ለእናቷ ነገርናቸው። አላመኑም። «እሳቸው ቢጾሙላት እሷ ትወፍራለች?» አሉ። ከዚያም ወደ እሳቱ ዞረው፣ «ሂጂ አልልም። ከሄደችም ደርሼ አልሸኝም» አሉ።  ልጅቷ ያለ እናቷ ምርቃት እግሯን እንደማታነሣ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። እኔ በማግስቱ ወደ ትምህርቴ ወረድኩ፤ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ጥናቴን ስጽፍ እሷን አላስገባኋትም። ዛሬ የጻፍኩት ፈቅዳልኝ ነው፤ «ስሜን ካልጠራሽ፣ ላንዷ እንኳ ይጠቅማት ይሆናል» ብላ ላከችብኝ። ስለሄደችበት ጠዋት ግን አንዲት ቃል አልላከችም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

ስለዚህ እናንተን እለምናለሁ፣ ያን ጠዋት ሞላሌ አውቶቡሱ ሲነሣ የነበራችሁትን። ከተሸኚዎቹ መካከል አንዲት የከሳች ልጅ ነበረች። እናቷ መጥተው ነበር? መርቀዋታል? ያየ ካለ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ንገሩኝ።