የዘነቡ ካርቶን

ወይንሸት የበደለችኝ በባለቤቴ በታደሰ አርባ ቀን ነው። ይህን እዚህ ስቶክሆልም የሚያውቀን ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ እሷ ራሷ ስታወራው ኖራለችና። እኔ በኋላ ያደረግኩትን ግን ማንም አያውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላውን ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰርና "ሌላስ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። ስግደት እንዲሰጡኝ፣ ሰግጄም ቀለለኝ ብዬ እንድነሳ አልፈልግም። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ልናገር።

ለአርባው የጠነሰስኩት ጠላ አልደረሰልኝም። እዚህ አገር የመጠጥ ሱቁ የመንግሥት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ሊዘጋ ሲል እየሮጥኩ ደርሼ በካርቶን የሚሸጥ ቀይ ወይን አነሳሁ። ላዩ ላይ ቦርዶ ይላል፤ የፈረንሳይ ወይን ነው። ታደሰ ወይን ሲነሳ "ቦርዶ ከሆነማ" ሲል እሰማ ስለነበር ደህና መስሎኝ ነው። ሰው ሞቶብኝ፣ አርባ ቀን እንቅልፍ አጥቼ፣ የወይን ዓይነት ልመርጥ ኖሯል?

ወይንሸት ጓደኛዬ ነበረች። እዚህ አገር በአንድ ሰሞን ገባን፤ በአንድ የአረጋውያን ቤት ሠርተን ሁለታችንም በጡረታ ወጣን። ሰው በተሰበሰበበት ጎንጨት አለች፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው፣ ከዚያም ድምጿን ከፍ አድርጋ "ዘነቡ፣ ታዴን መቅበርሽ አንሶ እኛንም ልትጨምሪን ነው?" አለችኝ።

ሰው ሳቀ። አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። በባሌ አርባ ቀን፣ በቤቴ ውስጥ። እኔ ወደ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እረሳው ነበር ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግን አላበቃም። ወይንሸት ከዚያ ወዲህ "ማንም ሐበሻ በርካሽ ወይን እንዳያፍር" ብላ የሴቶች ማኅበር አቋቋመች። በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን ርካሽ ርካሹን ቦርዶ እየቀመስን ለዘወትር የሚሆነውን እንለያለን። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ መብለጥ የለበትም፤ ሕጉ ይኸው ነው። ቀምሰን ዓይናችንን ጨፍነን ጣት እናነሳለን። አምስት ጣት የተነሳለት ለእንግዳ ይቀርባል፤ ሦስት ያገኘው ለቤት ይበቃል። ጣት ያልተነሳለት ወይንስ? ለእሱ ወይንሸት ስም አወጣችለት፤ "የዘነቡ ካርቶን" አለችው። አዲስ ሴት በመጣች ቁጥር የስሙ ታሪክ ይነገራል። የባሌ አርባ በየጊዜው እንደ አዲስ ይወጣል፤ ሰው እንደ አዲስ ይስቃል።

ታዲያ ለምን ሄድኩ? እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ፋርስታ ያለው ቤቴ ውስጥ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ልጅ የለኝም። ስልክ የሚደውልልኝ ቀጠሮ ሊያስታውሰኝ የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነው። የሚሳቅባት ሴት ሆኜም ቢሆን ሰው መሀል መቀመጥ ፈለግኩ። ይኸው ነው።

ደግሞም ሥራ ነበረኝ። ቀጂዋ እኔ ነበርኩ። አገር ቤት አሳላፊ ጠላ ሲቀዳ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ክፉ ነገር የለበትም፣ ጠጡ ማለቱ ነው። እኔም ጠርሙስ ስከፍት እንደዚያው በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀምሼ "ይጠጣል" ካላልኩ ማንም አይነካውም ነበር። ወጣቶቹ አባላት ሲያዩኝ ይስቁ ነበር፤ ግን ይጠብቁኛል።

ከእኔ ቀጥሎ የምትቀምሰው ወይንሸት ናት። እውነቱን ልናገር፤ ታውቅ ነበር። ቦርዶ ሁሉ አንድ አይደለም ብላ ያስተማረችን እሷ ናት። ካቤርኔ የሚሉት የወይን ፍሬ የበዛበት አፍ ያደርቃል፣ ከበርበሬ ጋር ይጣላል፤ ለወጣችን ሜርሎ የሚሉት ፍሬ የበዛበት ለስላሳው ይሻላል ትለናለች። አንዱን ቀምሳ "ይሄ ጌሾ እንደበዛበት ጠላ ነው፣ ለአማቶቻችሁ ስጡት" ስትል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ለዘወትር የሚሆን ወይን የሚታወቀው በተከፈተ በማግስቱ ነው ትል ነበር፤ በማግስቱ ደህና ሆኖ ካደረ ቤተኛ ነው። ስትጨርስ ሁልጊዜ ደረቷን መታ መታ አድርጋ "ወይንሸት ብለው ስም ሲያወጡልኝ አውቀው ነው!" ትላለች።

ልጇ ሳራ ከአንድ ስዊድናዊ ጋር ልትጋባ ነበር። የወይንሸት ወንድም በበጋው በመኪና ጀርመን ድረስ ሄዶ፣ ማኅበሩ አምስት ጣት የሰጠውን ቦርዶ በርካሽ፣ በሳጥን በሳጥን ይዞ መጣ። ሳጥኖቹ በሕንፃዋ ምድር ቤት ባለው ፎሮድ፣ በዕቃ ማከማቻዋ ውስጥ ሠርጉን ሲጠብቁ ከረሙ። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሳጥኑ አንድ ጠርሙስ አውጥታ ብቻዋን ቤቴ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠች።

"ዘነቡ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ካፍሽ እንዳይወጣ።"

"ምን ሆንሽ?"

"አይሸተኝም።"

"ምኑ?"

"ምንም። ከፋሲካ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሽንኩርት ሲያርብኝ የማውቀው ጭሱን ሳይ ነው።"

"ሳራ ታውቃለች?"

"ማን ይወቅ! ወይንሸት ተብዬ ወይን አልሸት አለኝ ልበል? መሳቂያ ልሁን?"

"ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ስትዳኚ ነበር?"

"ፊትሽን እያየሁ ነዋ። በመዳፍሽ ስትቀምሺ ፊትሽን አያለሁ። ፊትሽ አይዋሽም፣ ዘነቡ።"

ይህን ስትለኝ ምን እንደተሰማኝ አሁንም በትክክል አላውቅም። ደስታ ነበር? ኩራት ነበር? ለዓመታት ያሳቀችብኝ ሴት፣ ለወራት በእኔ ፊት ስትመራ ኖራለች። የወይኑን መልካምና ክፉ ስታነብ የነበረው ከእኔ ላይ ነው። አንድ ቃል ጠበቅኩ። "ያን ጊዜ ያልኩሽን እርሺልኝ" የምትል መሰለኝ። ብትልማ ኖሮ... ግን እሱ ማመካኛ ነው፤ ልተወው።

እሷ ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ያለችው ይህን ነው፦ "የሙሽራው አባት ወይን አዋቂ ነው አሉ። በእናትሽ ደህና አድርገሽ ቅመሺልኝ። የዘነቡ ካርቶን እንዳይሆንብኝ!"

ክፋት አስባ አይደለም። አፏ ለምዶት ነው። እኔ በፊቷ መቀመጤን እንኳ ረስታ ነበር። ያ ይመስለኛል የባሰብኝ።

የጠርሙሱን አንገት ገና ስነካው ገባኝ። ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ቆቡን አሳብጦታል፤ ዙሪያው ወይን አንጠባጥቦ ደርቋል። ፎሮዷን አውቀዋለሁ፤ የሙቅ ውኃው ቧንቧ በመሀሉ ያልፋል። ወይኑ ሙቀት ላይ ከርሟል። ከፍቼ በመዳፌ ጠብ አደረግኩት። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል። ሽታው ኮምጣጤ ነው። አፌ ውስጥ ሲገባ እንደ ተቀቀለ ፍሬ ሆነ፤ ቀጥሎ ጉሮሮዬን ቆረጠኝ።

ወይንሸት ፊቴን ታያለች። ዓይኗን አልነቀለችም።

ፊቴን አበራሁት። እኔ ነኝ ያበራሁት፤ ማንም አላስገደደኝም። እንዳይኮማተር ያዝኩት፣ ቀስ ብዬ ዋጥኩ፣ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

"ይጠጣል?" አለችኝ።

"ይጠጣል። እንዲያውም ከበፊቱ ተሻሽሏል።"

በረጅሙ ተነፈሰች። ቀዳሁላትና ጎንጨት አለች፤ ቅንድቧን ሰበር አድርጋ ብርጭቆውን አየችው።

"ትንሽ ኮምጠጥ አላለም?"

"ቦርዶ አይደል? ከምግብ ጋር ይለሰልሳል ስትይ አልነበር?"

"እሱስ ነው" አለች። ብርጭቆዋን ጨረሰች። ስትወጣ ሳመችኝ።

ሳምንት ሙሉ ነበረኝ። ስልኩን አንስቶ "ወይንሸት፣ ወይኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዢ" ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ለእኔ ሳምንቱ አልበቃኝም? በቅቶኛል። ሰኞ አሰብኩት፤ ማክሰኞም አሰብኩት። ከዚያ በኋላ ማሰቡን ተውኩ። ፀጉሬን ተሠራሁ፣ ቀሚሴን አስተኮስኩ።

ሠርጉ ሁዲንጌ ውስጥ በኪራይ አዳራሽ ነበር። ምግቡ ከቀረበ በኋላ ወይንሸት ማይክሮፎን ይዛ ተነሳች። አንዴ በስዊድንኛ፣ አንዴ በአማርኛ፣ ይህን ወይን እንዴት እንደመረጠችው ተናገረች። "ወይንሸት ብለው ስም ሲያወጡልኝ አውቀው ነው! ቅመሱና ፍረዱ!" ሰው አጨበጨበ። ብርጭቆ ተነሳ።

የሙሽራው አባት ጨዋ ሰው ነው። አፉ ውስጥ ያዝ አደረገው፣ እንደምንም ዋጠው፣ ፈገግ አለላት፤ ከዚያም ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ራቅ አድርጎ ውኃ ቀዳ። ወጣቶቹ ጠረጴዛ ላይ አንዱ በስዊድንኛ "ሰላጣው ላይ ላፍሰው?" ሲል ተንከተከቱ። ትልልቆቹ ደግሞ ብርጭቋቸውን እያሸተቱ ይተያዩ ጀመር። ሳራ ከነቬሏ እናቷ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማኋት፤ በስዊድንኛ "ማማ፣ ወይኑ ኮምጣጤ ሆኗል። አልሸተተሽም?" ነው ያለቻት።

ወይንሸት ዞራ ያየችው ልጇን አይደለም። እኔን ነው።

ብርጭቆዬን አነሳሁና እያየችኝ ጨለጥኩት።

በማግስቱ ደወለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

"ዘነቡ፣ ቀምሰሽው አልነበር?"

"ቀምሼዋለሁ።"

"እና?"

"ያን ዕለት ደህና ነበር።"

"ጠርሙስና ጠርሙስ ይለያያል እንግዲህ" አለችኝ። መውጫ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት፤ እኔም ወጣሁበት። "ያን የነገርኩሽን ግን አደራ፣ ለማንም" አለች። "አደራ" አልኳት።

አንድም ቀን በእኔ ላይ አልመሰከረችም። እንዴት ትመስክር? "ዘነቡ ናት የቀመሰችልኝ" ካለች፣ ለምን በራሷ አፍንጫ እንዳልዳኘች ልትናገር ነው። ይህን ያን እሁድ አስቤው ነበር? አስቤው ነበር። እሷ ዝም እንደምትል አውቄ ነው ፊቴን ያበራሁት።

አሁን ሶደርተልየ ልጇ አጠገብ ትኖራለች። ማኅበሩም ቆየት ብሎ ፈረሰ፤ ያለ እሷ ወይን መቅመሱ ወይን መጠጣት ብቻ ሆነ። እኔ ቅዳሜ ሱቁ ሳይዘጋ ወርጄ አንድ ቦርዶ እገዛለሁ። ለአንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ለቀናት ይሄዳል፤ ስለዚህ በማግስቱ የማይበላሸውን እመርጣለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ማን ናት? ስቀዳ "ይሄ ቤተኛ ነው" ስትል ይሰማኛል፤ የምትሰማኝ ግን የለችም። አንዳንድ ቀን ስልኩን አነሳና ቁጥሯ ላይ ስደርስ አስቀምጠዋለሁ። ምን ልበላት? ተሳስቼ ነው ልበል? አልተሳሳትኩም። ምላሴ ደህና ነበር።

ይቅርታ አልለምንም። የሚለመነው እሷ ዘንድ ነው፤ እዚያ ለመሄድ ደግሞ ልቤ እስከ ዛሬ አልታዘዘኝም። በአርባው ቀን የተሳቀብኝ ሳቅ አሁንም ያመኛል። የእኔ ሥራ ከእሷ ይብሳል፤ አውቃለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

የቀረኝን ልናገርና ልጨርስ።

ከሠርጉ በኋላ በነበረው የማኅበሩ ቅዳሜ ወይንሸት አልመጣችም። ትዕግሥት የምትባል አዲስ ልጅ መጥታ ነበር። ጠርሙስ ስከፍት "እትዬ ዘነበች፣ የዘነቡ ካርቶን የሚሉት ምንድነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ። እኔ "እሱ ቀርቷል። አሁን የወይንሸት ሠርግ ነው የሚባለው" አልኳት። ስለ ሠርጉ ነገርኳት። ቀጥዬም "ወይንሸትን እኮ ወይን አይሸታትም! ከፋሲካ ጀምሮ አፍንጫዋ አይሠራም፣ ራሷ ነግራኛለች" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማታውኑ ሰው ደውሎ ነገራት።

ሳቁ ሲበርድ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። "ይጠጣል" አልኳቸው።

ጠጡ።