ቆርቆሮ መቺው ነጂብና የምትሾረው ሐሙሲት

ነጂብ ሐሙሲት ውስጥ የጣሪያ ቆርቆሮ መቺ ነው። ሕመም የግራ ጆሮውን ውስጠኛ ክፍል ጎድቶት ከተማዋ እንደ እንዝርት ትሾርበት ጀመር፤ ጣሪያ ካልወጣ ደግሞ እንጀራ የለም። ጎረቤት «አትነቃነቅ» ስላለው ሶላቱን እንኳ ተቀምጦ፣ አንገቱን ገትሮ ይሰግድ ነበር።

ደብረ ታቦር ያገኛት ሐኪም ግን፣ «አንጎልዎ በደህናው ጆሮ፣ በዓይንና በእግር ሚዛን መጠበቅ የሚለምደው ሲነቃነቁ ነው። ሰው ይያዝዎትና ቆመው ይስገዱ» አለችው።

ለሩኩዕ ሲያጎነብስ ግድግዳው አብሮት ያጎነብሳል። ግንባሩን መሬት አስነክቶ ከሱጁድ ሲነሳ ሚስቱ ሚስራ ከኋላ ይዛ ታቃናዋለች፤ ሲጨርስ፣ «አንተ ሰው፣ ወደ ባሕር ዳር እኮ ነው የሰገድከው» ትለዋለች። ክረምቱ በሳቅ አለፈ።

ዛሬ ምስማር በአፉ ይዞ ጣሪያ ወጣ። አጎንብሶ መታ፣ ቀና አለ። ሐሙሲት ወዝወዝ አለችና ቆመች።

«ዞረች?» አለች ሚስራ፣ መሰላሉን እንደያዘች።

ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «አደብ ገዝታለች።»